መዝገብ ከስፍራው ሲነሣ

ገርጂን ዛሬ የሚያያት ሰው፥ ከኢምፔሪያል እስከ መብራት ኃይል ድረስ ሕንፃው ተያይዞ መኪናው ተጨናንቆ ሲመለከት፥ ይህ ምድር ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት የአዝመራ ስፍራ እንደ ነበረ ለማመን ይቸገራል፤ የለውጡ ታሪክ ግን ከሕንፃው ይልቅ በመዝገቡ ውስጥ ይገኛል፥ መዝገቡም እንደ ምድሩ በአንድ ስፍራ ረግቶ አልኖረም።

አበው የርስትና የጉልትን ስጦታ፥ የወሰኑን ምልክትና የምስክሮቹን ስም በየገዳማቱ በክብር በሚጠበቀው የወርቅ ወንጌል ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ይጽፉ ነበር። በሐይቅ እስጢፋኖስ የሚጠበቀው፥ በ13ኛው ምዕት ዓመት የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ከቅዱሱ ቃል ጋር የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር አብሮ ይዟል። መጽሐፍ በቆዳ ማኅደሩ ገብቶ በማንገቻው ሲነሣ፥ ሀብቱና የሀብቱ ዝርዝር ሳይለያዩ ይሄዳሉ ማለት ነው፤ በ1960ዎቹ የብራና መጻሕፍታችን በማይክሮፊልም ሲነሡም ይኸው ወንጌል 1832 የሚል ቁጥር ተሰጥቶት፥ ቅጂው ከነመለያው እስከ ሚኒሶታ ተሻግሯል።

የከተማችን መዝገብ ግን እንዲህ ያለ ማኅደር አላገኘም። የዳግማዊ ምኒልክ የ1900 ዓ.ም. የቦታ ሕግ የባለይዞታን ስም በመዝገብ ማስፈር ጀመረ፤ አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወደ መንግሥት ሲያዛውር የነዋሪው ፋይል ወደ ቀበሌ ወረደ፤ በ1995 ዓ.ም. ዐሥር ክፍላተ ከተማ ሲቋቋሙ፥ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ሲወጣ፥ ሰው ከቤቱ ንቅንቅ ሳይል ፋይሉ ብቻ ተጓዘ። «ልከናል» በሚለውና «አልደረሰንም» በሚለው ጽሕፈት ቤት መካከል የሚመላለስ ባለጉዳይ ማየት ልብን ያሳዝናል፤ ጉድለቱም ከወረቀቱ ሳይሆን ዝርዝሩ አብሮ ካለመሄዱ የሚመጣ ነው።

በባሕር ማዶ ኤድጋር ኮድ የተባለው ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 የግንኙነታዊ ዳታቤዝን መሠረት ከጣለ፥ ኦራክልም በ1979 ለገበያ ከቀረበ በኋላ፥ ይኸው ችግር በኮምፒዩተሩ ዓለም ተነሥቷል። መፍትሔው በዚያው አቆጣጠር በ2013 በወጣው የኦራክል 12ሲ እትም ታየ፤ ብዙ ዳታቤዞች በአንድ ማደሪያ እንዲያድሩ፥ ሲያስፈልግም ተነቅለው በሌላ ሰርቨር እንዲሰኩ ተደረገ። ሊነቀል የተወሰነው ዳታቤዝ መጀመሪያ ይዘጋል፤ ከዚያ ሥርዓቱ የፋይሎቹን ስምና ስፍራ፥ የእትሙን ቁጥርና ቅንብሩን የሚዘረዝር አንድ ትንሽ የኤክስኤምኤል ፋይል ይጽፋል፤ ተቀባዩ ሰርቨርም ዝርዝሩን አንብቦ ከራሱ ጋር መስማማቱን ሳይመረምር እንዲሰካ መፍቀድ ተገቢ አይደለም።

አብሮ ማደር ግን ሌላ ፈተና አመጣ፤ ሜሞሪው የጋራ ስለ ሆነ አንዱ ዳታቤዝ ሲስገበገብ ሌላው ይዘገያልና። ለእያንዳንዱ የማያልፈው ጣሪያና የማይነፈገው ወለል መወሰን የተቻለው በ12.2 እትም ነው፤ የወለሎቹም ድምር ከማደሪያው የጋራ ሜሞሪ ግማሽ እንዳይበልጥ ተመከረ፥ የቀረው ለጊዜው ብርቱ ሥራ ለያዘው ይውል ዘንድ። ይህ ምክር እጅግ አስተዋይ ሆኖ ይታየኛል፤ ድርሻ የሌለው እንግዳ እንዳይጎዳ አስቀድሞ የሚያስብ ባለቤት ሥራ ነውና።

እንግዲህ በየወረዳው የነዋሪውን ፋይል ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር የምትመልሱ፥ እዚያው ገርጂ በዩኒቲ ዩኒቨርሲቲ ይህን ጥበብ የምትማሩ ወጣቶችም፥ ወሰን በተለወጠ ጊዜ መዝገቡን ከነዝርዝሩ አንሡ፤ ዝርዝሩ በላኪውም በተቀባዩም ዘንድ ተነብቦ ሳይፈረምበት የቀድሞውን ቅጂ አታጥፉ።