ስለ ባሕር በርና ስለ ባዕድ ምክር

ሙሴ የምድያምን ካህን የዮቶርን ምክር ሰማ፤ የሾማቸው ዳኞች ግን ከእስራኤል ነበሩ። ምክርን ከባዕድ መቀበል ነውር አይደለም፤ ሥልጣንን ከምክሩ ጋር መስጠት ግን ጉዳት አለበት።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የባሕር በር ስላልነበራቸው፥ የአገራቸው ንግድ በፈረንሳይ ወደብ በጅቡቲ በኩል እንዲተላለፍ አሰቡ። ስለዚህ በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጡትን የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን አማክረው፥ በ1886 ዓ.ም. የምድር ባቡር ማሠሪያ ፈቃድ ለ99 ዓመት ሰጧቸው። ነገር ግን ኩባንያው ገንዘብ ቢያጥረው፥ በ1894 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ረድቶት በሥራው ላይ ሥልጣን አገኘ። ንጉሠ ነገሥቱም እጅግ ተቈጡ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ለዓመታት ቆመ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ ወደ አራዳ ገበያ፥ ማለት በኋላ በጣሊያን ዘመን ፒያሳ ወደ ተባለው ሰፈር፥ በባቡር የሚመጣው ሸቀጥ ኪራዩን ለባዕድ ኩባንያ ይከፍል ነበር።

በአውሮፓ የተማሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆነው ይህን በዓይናቸው አዩ። ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፋቸውም፥ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲነግድ እንደሚጎዳ አስረዱ።

እንግዲህ መካሪ ከውጭ ቢመጣ መልካም ነው፤ በረኛው ግን ከቤት የተወለደና የተማረ ሊሆን ይገባል።