መልክን ወደ ትርጓሜ ስለ መመለስ

በብራና ላይ ቀይ ቀለም በታየ ጊዜ ልዩ ነገር እንዳለበት አንባቢ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን የቅዱስ ስም ይሁን ወይም የምዕራፍ መጀመሪያ ቀለሙ ራሱ አይናገርም፤ ለይቶ የሚያውቀው የተማረው ሰው ነው። ዛሬ ስለ ቤተ መዛግብት ዝርዝር የምንጽፈውም ከዚህ ጋራ የተመሳሰለ ነው።

በቤተ መዛግብት የተጠበቀ ደብዳቤና ሰነድ ሁሉ በየሣጥኑ ያለውን የሚያስረዳ ዝርዝር ይጻፍለታል፤ ዝርዝሩም ከጠቅላላው ወደ ክፍሉ፥ ከክፍሉም ወደ እያንዳንዱ ሰነድ እየወረደ ይሄዳል። በአሜሪካ አገር ይህ ዝርዝር አስቀድሞ በጽሕፈት መኪና፥ ኋላም በኮምፒዩተር የጽሕፈት ፕሮግራም ይጻፍ ነበር። ርእሱ በወፍራም ፊደል፥ ንኡሱ ክፍል ከመስመሩ ገባ ተደርጎ ይጻፋል። ይህ ለሰው ዐይን ይበቃል፤ ኮምፒዩተር ግን ፊደሉ መወፈሩን እንጂ ርእስ መሆኑን አያውቅም።

ስለዚህ በ1993 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ጽፈናል) በበርክሊ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዳንኤል ፒቲ ከባልደረቦቹ ጋራ አዲስ ሥርዐት ማበጀት ጀመረ። በ1960ዎቹ ለመጻሕፍት ቤቶች የተሠራው ማርክ የሚባለው ሥርዐት ለአንድ መጽሐፍ አጭር መግለጫ ይበቃ ነበር እንጂ፥ እንደ ትውልድ ሐረግ ለሚወርድ ረዥም ዝርዝር አይመችም ነበር። አዲሱ ሥርዐት ኢ. ኤ. ዲ. ተባለ፤ የመጀመሪያው በ1998፥ ሁለተኛው በ2002፥ ሦስተኛው በ2015 ዓ.ም. ወጣ። በዚህም ሥርዐት ከየነገሩ ፊትና ኋላ ምልክት ይደረጋል፤ ምልክቱም «ይህ ርእስ ነው፥ ይህ ዘመን ነው፥ ይህ የሣጥን ቍጥር ነው» ብሎ ይናገራል።

ከዚህ በኋላ አሮጌውን ዝርዝር ወደ አዲሱ ሥርዐት መመለስ ግድ ሆነ። ይህ ግን ግልበጣ ብቻ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። ለምሳሌ በአሮጌው ዝርዝር «ስለ 1914 ጦርነት የተጻፉ ደብዳቤዎች» የሚል ቢገኝ፥ 1914 ጦርነቱ የተነሣበት ዘመን ነው እንጂ ደብዳቤዎቹ የተጻፉበት ላይሆን ይችላል። ዓመት ባየበት ሁሉ የዘመን ምልክት እንዲያደርግ የታዘዘ ኮምፒዩተር ግን ደብዳቤዎቹን ሁሉ የ1914 ያደርጋቸዋል። ደግሞ ንኡሱን ክፍል ያሳይ የነበረው ባዶ ቦታ ቢጠፋ፥ የልጁ ደብዳቤ ከአባቱ ሰነድ ጋራ ይቈጠራል። ወረቀቱ ከሣጥኑ አልወጣም፤ ነገር ግን ፈላጊው አያገኘውምና ከጠፋው አይለይም።

ይህ ነገር ከእኛም የራቀ አይደለም። በጀርመን አገር በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ሥራ፥ የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና መጻሕፍት ቲ. ኢ. አይ. በሚባለው በተመሳሳይ የምልክት ሥርዐት ይመዘግባል። እንግዲህ በአንድ ብራና መጨረሻ «በዘመነ ዮሐንስ ተጻፈ» የሚል ቢገኝ ምን ምልክት ይደረግለታል? ወንጌላዊው ዮሐንስ ነውን፥ ወይስ ዮሐንስ ተብለው ከነገሡት ነገሥታት አንዱ? በመጀመሪያው ቢተረጐም በየአራት ዓመቱ የሚመለስ ዘመን ነው፤ በሁለተኛው ቢተረጐም የአንድ ንጉሥ ዕድሜ ነው። ይህን የሚፈርደው ጽሕፈቱንና ታሪኩን የሚያውቅ ሊቅ ነው እንጂ መሣሪያው አይደለም።

ስለዚህ ምልክት የሚያደርገው ሰው መዝገቡን ያነበበ ይሁን፤ ያልተረዳውንም እንደ ተረዳ አድርጎ አይፈርድ፥ መጠራጠሩን ይጻፍ። አሮጌውም ዝርዝር አይጣል። የመለሰው ሰው ቢሳሳት፥ ኋላ የሚመጣው የሚያርመው ያንን አይቶ ነውና።