ጽዋውና መቃብሩ

ዋልተር ደንሎፕ በእንግሊዝ አገር፣ በብራድፎርድ ከተማ አቅራቢያ የሚኖር ነጋዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1862 ሀርደን ግሬንጅ ለተባለው መኖሪያ ቤቱ የቀለም መስታወት መስኮት አሠራ። ሥራውን የወሰደው ዊልያም ሞሪስ ከጓደኞቹ ጋር ከአንድ ዓመት በፊት ያቋቋመው ድርጅት ነው። ሞሪስና ወዳጁ ኤድዋርድ በርን ጆንስ ኦክስፎርድ የገቡት የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ለመሆን አስበው ነበር፤ በኋላ ግን ሐሳባቸውን ወደ ሥነ ጥበብ መለሱ።

ድርጅቱ ለብዙ አብያተ ክርስቲያናት መስኮት ሠርቷል። ባለሙያዎቹ ባለ ቀለሙን መስታወት በልክ ይቆርጣሉ፤ ፊትንና የልብስ እጥፋትን በጠቆረ ቀለም ስለው በምድጃ ይተኩሱታል፤ ከዚያም ቁርጥራጮቹን በእርሳስ ብረት ያያይዟቸዋል። በዚሁ ጥበብ ለደንሎፕ የሠሩለት ግን የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ ሳይሆን የመካከለኛው ዘመን አፈ ታሪክ የሆነውን የትሪስታንና የኢዞልዴን ፍቅር ነው። ሥዕሎቹ 13 ናቸው፤ የተከተሉትም ቶማስ ማሎሪ በ15ኛው መቶ ዘመን የጻፈውን ነው።

ኢዞልዴ የአየርላንድ ንጉሥ ልጅ ናት። ለኮርንዎል ንጉሥ ለማርክ ታጨች። ሊያመጣት የተላከውም የንጉሡ የእኅት ልጅ ትሪስታን ነበር። እናቷ ሙሽሮቹ በሠርጋቸው ቀን እንዲጠጡት የፍቅር መጠጥ አዘጋጅታ ለደንገጡሯ በአደራ ሰጠች። ትሪስታንና ኢዞልዴ ግን መርከብ ላይ ሳሉ ምንነቱን ሳያውቁ ጠጡት። ይህችን ሰዓት የሣላት ዳንቴ ገብርኤል ሮሴቲ ነው።

ብዙዎች ጥፋቱን ሁሉ በጽዋው ያሳብባሉ። መስኮቱ ግን ጽዋው ላይ አያበቃም። በርን ጆንስ ትሪስታን ሌላይቱን ኢዞልዴ ሲያገባ ሣለ፤ ይህች ሴት ልቡ ከእርሷ ጋር ላልሆነ ሰው የተዳረች ናት። ፎርድ ማዶክስ ብራውን የትሪስታንን ሞት ሣለ፤ የገደለው አጎቱ ማርክ ነው። ከዚያ የሁለቱ መቃብር ይከተላል።

ወጣቶች ሆይ፣ መጠጡ መርዝ እንዳልነበረ ልብ እንበል። ለሠርግ ቀን፣ ለቃል ኪዳን የተዘጋጀ መልካም ነገር ነበር፤ የተጠጣው ግን በመንገድ ላይ ነው። ሲጠጡት አላወቁም ይባል። ከዚያ በኋላ አጎትን የማታለሉ፣ ሌላዋን ሴት የማሳዘኑ ውሳኔ ግን የጽዋው አልነበረም። እኛም “ፍቅር ያዘኝ” ስንል፣ በዚያ ፍቅር የምናደርገው ሁሉ የራሳችን ምርጫ ነው፤ በጌታ ፊት የምንጠየቅበትም እርሱ ነው።

መስኮቶቹ ዛሬ በብራድፎርድ ሙዚየሞች ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። ብርሃን ሲያልፍባቸው ጽዋውም መቃብሩም እኩል ይታያሉ።