ጋቢውን ያጥብ የነበረው ማን ነው?

ከጎንደር ተነስቶ በአዘዞ በኩል ወደ ጎርጎራ የሚወርድ ሰው መንገዱ ላይ ቆላ ድባን ያገኛል። የደምቢያ ዋና ከተማ ናት። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከደረሱ መጀመሪያ የሚቀበልዎ ጭቃው ነው። የደምቢያ ዋልካ እግር ከያዘ አይለቅም፤ ነጭ ጋቢ ከነካማ እግዜር ይሁነው። ቀጥሎ የሚያዩት በየአጥሩ የተሰጣውን ልብስ ነው። እኔ በሄድኩበት ቀን አንድ አጥር ላይ ጋቢ፣ አንሶላ፣ ግራጫ ብርድ ልብስ፣ ከእነሱ ጎን ደግሞ ሰማያዊ አጎበር ተሰጥቶ አየሁ። ሁሉም በአንድ ፀሐይ። በኋላ እንደሰማሁት ደግሞ ሁሉም የታጠቡት በአንድ ገንዳና በአንድ ኦሞ ነው።

«አባባ፣ አጎበሩን እንኳ ጥላ ውስጥ ቢያሰጡት ይሻላል» አልኳቸው፣ ደጃፍ ላይ የተቀመጡትን አባወራ።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ! የእጥበት ነገር የሴት ነው» አሉኝ።

መልሳቸው ተራ መልስ ነው፤ ማናችንም ብንጠየቅ የምንመልሰው ይኸንኑ ነው። ችግሩ እዚያው አገር፣ ከዛሬ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ እንደነበር የጻፈ ሰው መኖሩ ነው። እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በዚያው አካባቢ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ አገሩ ልማድ ሲያወራ፣ ወንድ ውሃ መቅዳትና እንጀራ መጋገር እንደማይገባው ይነግረንና፣ የወንዱንም የሴቷንም ልብስ ማጠብ ግን የወንድ ግዴታ ነው፣ በዚህ ሥራ ሴት አታግዘውም ይላል። ብሩስ ሲያወራ ማጋነን የሚወድ ሰው ነው፤ የገዛ አገሩ ሰዎችም ብዙውን ነገር አላመኑትም ነበር። ይህን ግን ለምን ብሎ ይፈጥረዋል? ለእሱ የሚያስገኝለት ክብር የለም።

ደግሞ ነገሩን ከጨርቁ አንጻር ካዩት እንግዳ አይደለም። በዚያ ዘመን ጥጡን የምትፈትለው ሴት ናት። የሚሸምነው ወንድ ነው፤ በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ ደግሞ ከሸማኔው ብዙው ቤተ እስራኤልና ሙስሊም ነበር። የሚሰፋውም ወንድ ነው፤ ዛሬም በየገበያው መኪናውን ተደግፎ የምናየው ልብስ ሰፊ በአብዛኛው ወንድ ነው። ፈትሉ ከሴቷ እጅ ከወጣ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ወንድ እጅ ከገባ፣ እጥበቱም እዚያው ቢቀር ምን ይገርማል?

ጋቢ አራት ድርብ ነው። ደረቁን ሲይዙት ይሞቃል፣ ውሃ ሲጠጣ ግን እንደ በሬ ይከብዳል። በእጅ ልሸው ቢሉት አይበገርም፤ የሚታጠበው በእግር ተረግጦ ነው። ሳሙናው እንዶድ ነው። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፣ አረፋው ይነሳል። ከዚያ ወንዝ ዳር ሰፊ ድንጋይ ላይ መርገጥ፣ ማለቅለቅ፣ እንደገና መርገጥ። ጋቢ አይጠመዘዝም፤ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ እየመታ ውሃውን ያራግፈዋል፣ ፀሐይ ላይ ይዘረጋዋል። የጥጥ ወዳጁ ፀሐይ ነው፣ ያነጣዋል፣ ቅማሉንም ያባርርለታል። ይህ ሁሉ ግን የየሳምንቱ ሥራ አልነበረም። ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ለሰርግ ነው። የቀረው የቤት ዕቃ ውሃ ብዙም አያውቅም። መደብ ላይ የሚነጠፈው ቁርበትና አጎዛ ይራገፋል እንጂ አይነከርም፤ ቆዳ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ከዋለ ጣውላ ይሆናል። የበግ ጠጉሩ ባናም እንዲሁ በዱላ ተመትቶ አቧራው ይወጣለታል። ሱፍ በሙቅ ውሃ ከታሸ ተኮማትሮ ለልጅ እንኳ አይበቃም።

ስለ እንዶድ ካነሳን አይቀር፣ የአክሊሉ ለማን ነገር ሳያወሱ ማለፍ ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነው። ከዚያች ትዝብት የተነሳው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 እሳቸውንና ባልደረባቸውን ለገሠ ወልደ ዮሐንስን ለዓለም አቀፍ ሽልማት አበቃ። ቢልሃርዝያ የጣና ዙሪያ ሕዝብም የቆየ ጠላት ነው። የሚይዘውም ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚያጥበውን ሰው ነው።

ታዲያ እጥበቱ ከወንድ ወደ ሴት የዞረው መቼ ነው? ቀኑ ይህ ነው የሚባል አይደለም። የእኔ ግምት ግን ጨርቁ ሲበዛ ነው የሚል ነው። አቡጀዲ ከአሜሪካ በገፍ መምጣት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1903 ስኪነር የተባለው መልእክተኛ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሊፈራረም አዲስ አበባ ድረስ ሲዘልቅ ዋናው የአገሩ ሸቀጥ ይኸው አቡጀዲ ነበር። በ1930ዎቹ ደግሞ በርካሽነቱ የጃፓኑ ቀደመው። በ1953 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው የባህር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር አንሶላው እዚያው ሐይቁ ማዶ መሠራት ጀመረ። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ተከተለ። የተማሪ ዩኒፎርም መጣ፣ ሳሙናና ኦሞ በየሱቁ ገባ። አንሶላ እንደ ጋቢ ሁለት ጎረምሳ አይጠይቅም፣ በገንዳ ይታሻል። ግን በየሳምንቱ ይታሻል። እጥበት በዓመት ሁለት ሦስቴ የሚሠራ፣ ወንዝ ዳር ከጓደኛ ጋር እየተጫወቱ የሚረግጡት ሥራ ሳለ የወንድ ነበር። እንደ እንጀራና እንደ ውሃ በየጊዜው የሚመላለስ ሲሆን፣ የሚመላለሰውን ሥራ ሁሉ ለተሸከመችው ተጨመረላት። ማንም አልተሰበሰበም፣ ማንም አልወሰነም።

ወደ አጥሩ ልመለስ። አጎበር ለደምቢያ እንደ ሌላው ጨርቅ አይደለም። ሜዳው የወባ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 እዚያው ደምቢያ የተነሳው ወረርሽኝ ሰባት ሺህ ያህል ሰው እንደጨረሰ ተጽፏል። በማግስቱ ዓመት የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት አንዱ ምክንያት ይኸው እልቂት ነበር፤ የቆላ ድባ ጤና ጣቢያም የተማሪዎቹ የመስክ መለማመጃ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ በመላ አገሪቱ 150 ሺህ ያህል ሰው በወባ አለቀ። ይህ ያለፈ ታሪክ ነው እንዳንል፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኛ ተመዝግቧል።

ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በሚሊዮን እየተቆጠረ የታደለው አጎበር መድኃኒቱ ከክሩ ጋር የተዋሃደ ነው። ላይ ላዩ ሲጠፋ ከውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል። የሚጠበቅበት ሦስት ዓመት ወይም ሃያ እጥበት ነው። በቀዝቃዛ ውሃና በተራ ሳሙና ለስለስ ተደርጎ መታጠብና ጥላ ውስጥ መድረቅ አለበት። ኦሞ በርከት ሲል፣ በረኪና ሲነካው፣ ሲታሽና ፀሐይ ላይ ሲውል መድኃኒቱ ከሚተካው በላይ ይሄዳል። ጋቢን የሚያነጣው ፀሐይ አጎበርን ተራ መረብ ያደርገዋል። የታጠበበት ውሃም ወንዝና ሐይቅ ውስጥ አይደፋም፤ መድኃኒቱ ዓሣ ይገድላል። ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ይህን ለማን ነው የምንነግረው? አንድ ቀበሌ አጎበር ሲታደል ቆሜ አይቻለሁ። የተሰለፈው አብዛኛው አባወራ ነው። ምክሩ የተነገረው ለእሱ፣ ፊርማውም የእሱ ነው። አጎበሩን ጠቅልሎ ወደ ቤት ይወስዳል፣ ምክሩን እዚያው ሜዳ ላይ ጥሎት ይሄዳል፤ ምክንያቱም እጥበት የሱ አይደለማ! የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረው ለሴቶቹ መንገራቸው እውነት ነው፤ ግን ስንቱን ቤት በስንት ጊዜ ይደርሱታል? በጭስ የሚጠቁር ጎጆ ውስጥ የተሰቀለ አጎበር ደግሞ ቶሎ ይቆሽሻል። ቤቷን የምታጸዳ ሴት ያደፈ ነገር ታጥባለች፣ አጥብታም እንደ ጋቢው ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። እናቷ ያስተማረቻት ይኸንኑ ነው፤ ለጥጥ ደግሞ ትክክል ነው።

ለአባወራው የብሩስን ነገር አጫወትኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። «ፈረንጅ መቼም የማይጽፈው የለም» አሉ። ከዚያ ዝም ብለው ቆዩና፣ «አባቴ ግን» አሉ፣ «ለጥምቀት ዋዜማ የናቴን ነጠላ ሳይቀር ወንዝ ወርዶ ይረግጥ ነበር። እኔም ትንሽ ልጅ ሆኜ እንዶዱን ተሸክሜ እከተለው ነበር። እንዴት ረሳሁት ጃል?»

ብድግ አሉና አጎበሩን ከአጥሩ ላይ አነሱት። ከቤቱ ጀርባ፣ ከዋርካው ሥር ገመድ ለመወጠር ቢላ ፈልገው ወደ ውስጥ ገቡ። ባለቤታቸው ከማድ ቤት ብቅ ብለው ወደ እኔ አዩና፣ «ምን አድርገህብኝ ነው?» አሉኝ።