ዋጋ ቁልቁል ሲወርድ፦ የተገላቢጦሽ ጨረታ ታሪክና የመንግሥት ግዥ



አማርኛ ለዛሬው ርእሳችን ሁለት ቃላት ያውሰናል፦ ሐራጅና ጨረታ። ሐራጅ አንዱ የጠራውን ዋጋ ሌላው ሰምቶ የሚጨምርበት ሽያጭ ነው፤ ፍርድ ቤት የባለዕዳን ቤት ሲያሸጥ የምናየው ዓይነት። ጨረታ ሲባል ደግሞ፣ በተለይ በመንግሥት መሥሪያ ቤት አካባቢ፣ በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው በሰም የታሸገ ፖስታ፣ የጨረታ ሣጥን፣ ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት የሚከፈትበት ሰዓት ነው። በፖስታው ውስጥ ያለውን ዋጋ ተፎካካሪ አያውቀውም፤ ከተከፈተ በኋላም ባለቤቱ ራሱ አያሻሽለውም። ዛሬ የምናገርለት የግዥ ዘዴ ከሁለቱም ወስዷል። እንደ ጨረታው ገዥው መንግሥት ነው፣ የሚፎካከሩትም ሻጮች ናቸው። እንደ ሐራጁ ዋጋው እየታየ ይጠራል፤ ነገር ግን ከዙር ወደ ዙር የሚሄደው ወደ ታች ነው። ተገላቢጦሽ ጨረታ እለዋለሁ። ዛሬ በኢንተርኔት ይካሄዳል፤ ሻጮቹ በየቢሯቸው ተቀምጠው በኮምፒዩተር ላይ ዝቅተኛውን ዋጋ፣ አንዳንዴም የራሳቸውን ደረጃ ብቻ፣ እያዩ ይቀንሳሉ።

የዘዴው አወዳሾች ታሪኩን ከኢንተርኔት ይጀምሩታል። እኔ ከዚያ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ሄጄ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም ጥያቄው የኮምፒዩተር አይመስለኝም። ሻጮችን ፊት ለፊት ካፎካከርናቸው ዋጋ እንደሚወርድ ማንም ነጋዴ ያውቀዋል። የታሪክ ተማሪ የሚጠይቀው ዋጋው ሲወርድ አብሮት ምን እንደሚወርድ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ የምሽግ መሐንዲስ የነበረው ቮባን በጁላይ 1683 ለጦር ሚኒስትሩ ለሉቮዋ ደብዳቤ ጻፈ። በዚያ ዘመን ፈረንሳይ ድንበሯን በምሽግ ታጥር ነበር፤ ሥራውም ዝቅተኛ ዋጋ ለጠራ ተቋራጭ ይሰጥ ነበር። የቮባን አቤቱታ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሥራዎች ተጀምረው አያልቁም፤ በዋጋ ቅነሳ መሽቀዳደም ዐዋቂውንና ዐቅም ያለውን ባለሙያ ያርቃል፤ የሚቀርበው መግቢያ ያጣ፣ የሚሠራውን የማያውቅ፣ ወይም አታላይ ነው፤ በርካሽ የተያዘውም ሥራ በመዘግየትና በመበላሸት መጨረሻው ውድ ይሆናል። ምክሩ ውልን አክብሮ የሥራውን ትክክለኛ ዋጋ መክፈል ነበር። የጸሐፊውን ስምና ዘመኑን ሸፍኜ ይህን ደብዳቤ ለተማሪዎች ስሰጥ፣ የየትኛው ከተማ አስተዳደር መሐንዲስ እንደጻፈው ሲከራከሩ እሰማለሁ።

ዘዴው ግን በድንጋይና በኖራ አልተወሰነም። በ18ኛው ክፍለ ዘመንና በ19ኛው መጀመሪያ፣ ኒው ኢንግላንድ በሚባለው የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ክፍልና በኒው ዮርክ፣ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ድኾች የመጦር ሕጋዊ ግዴታ ነበረበት። ወጪው ከነዋሪው ግብር የሚወጣ ስለነበር ብዙ ከተሞች አንድ መላ ዘየዱ። በዓመት አንድ ጊዜ ነዋሪው ይሰበሰባል፤ ቦታው ብዙ ጊዜ መጠጥ ቤት ነው። ጧሪ የሌለው ሽማግሌ፣ በሽተኛው፣ አካል ጉዳተኛው፣ ወላጅ አልባው ሕፃን በየተራ ስሙ ይጠራል። ይህን ሰው ለአንድ ዓመት ለመቀለብና ለማስጠለል ከከተማው ዝቅተኛውን ገንዘብ የጠየቀው ይወስደዋል። አሸናፊው ከገንዘቡ በተጨማሪ የሰውየውን ጉልበት ያገኛል። በመሆኑም መሥራት የሚችለው በርካሽ ይሄዳል፤ መነሣት የማይችለው ዋጋው ይወደዳል። ለተጧሪው የሚሰጠው እያንዳንዱ ቁራሽ ዳቦ ከጧሪው ትርፍ ላይ ይቀነሳል።

የማሳቹሴትሱ ጆሳያ ኩዊንሲ በ1821፣ የኒው ዮርኩ ጆን ዬትስ በ1824 ስለ ድኾች አያያዝ ለየግዛታቸው ባቀረቧቸው ሪፖርቶች ይህን ልማድ ነቀፉት። በኒው ዮርክ በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ድኾችን ወደ ካውንቲ መጦሪያ ቤቶች እንዲሰበሰቡ አደረገ። (መጦሪያ ቤቶቹም የራሳቸው ሰቆቃ ነበራቸው፤ ያ ሌላ ንግግር ይፈልጋል።) በአውሮፓ ልማዱ የበለጠ ዕድሜ አገኘ። ስዊድን የድኾችን ጨረታ የከለከለችው በ1918 በወጣው ሕግ ነው፤ ፊንላንድ ደግሞ በ1922 ሕግ። በስዊዘርላንድ አንዳንድ ካንቶኖች ሕፃናት ዝቅተኛ ቀለብ ለጠየቀ ገበሬ ይሰጡ ነበር፤ የአገሪቱ መንግሥት እንደነዚህ ያሉትን ጨምሮ በግዳጅ ለተላለፉ ልጆች በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2013 ነው።

ይህን ያነሣሁት የወረቀት ግዥና የሰው ቀለብ አንድ ነው ለማለት አይደለም። የዚያ ጨረታ አስገራሚው ነገር እንደ ጨረታ የተሳካ መሆኑ ነው። ግልጽ ነበር፤ ሁሉም እያየ ይካሄድ ነበር፤ ፉክክር ነበረው፤ ዋጋው ወርዷል፤ የግብር ከፋዩም ወጪ ቀንሷል። የዘመኑ የግዥ መመሪያ የሚጠይቃቸውን መመዘኛዎች አብዛኞቹን ያልፋል። የጎደለው ያልተጻፈው ነበር፦ ምን ዓይነት ምግብ፣ ስንት ብርድ ልብስ፣ ሲታመም ማን ያሳክመዋል፣ በየስንት ጊዜው ማን መጥቶ ያየዋል? ያልተጻፈው ሁሉ ከአሸናፊው ኪስ የሚወጣ ወጪ ስለሆነ፣ በመጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው።

አሁን ወደ ኢንተርኔት ዘመን ልሻገር። በ1995 በፒትስበርግ ከተማ ግሌን ሚከምና ሳም ኪኒ ፍሪማርኬትስ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። ሥራው ትልልቅ ፋብሪካዎች የሚገዟቸውን የብረትና የፕላስቲክ ክፍሎች በቀጥታ በሚታይ የቁልቁል ጨረታ ማጫረት ነበር። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በማያ ገጽ ላይ ደረጃ በደረጃ የሚወርደውን መስመር ነው። እኔ ግን ይበልጥ የማተኩረው ከዚያ በፊት በሚመጣው አሰልቺ ሥራ ላይ ነው። የኩባንያው ሰዎች ጨረታው ከመከፈቱ በፊት የሚገዛውን ዕቃ ሥዕልና ዝርዝር መግለጫ ያዘጋጁ፣ የአቅራቢዎችን ብቃትም ያጣሩ ነበር። ዋጋው የሚወርደው በሰዓታት ውስጥ ሲሆን፣ ዝግጅቱ ግን ሳምንታት ይወስድ ነበር።

መንግሥታት ወዲያው ተከተሉ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በሜይ 2000 የመጀመሪያውን የኢንተርኔት ተገላቢጦሽ ጨረታ አካሄደ፤ የገዛውም አብራሪን በአደጋ ጊዜ ከአውሮፕላን የሚያስፈነጥር መቀመጫ ክፍሎችን ነበር። ወደ 29 በመቶ የሚጠጋ ቁጠባ መገኘቱ ተነገረ። ቁጠባ የሚለውን ቃል ግን የታሪክ ሰው ዝም ብሎ አያሳልፈውም፦ ከምን ጋር ተነጻጽሮ? ከቀድሞው ዋጋ ጋር ከሆነ ቀድሞ ስንገዛ የተሞኘነውም እንደ ቁጠባ ይቆጠራል። ገዥው ራሱ ካወጣው ግምት ጋር ከሆነ ግምቱን ከፍ ያደረገ መሥሪያ ቤት ብዙ የቆጠበ ይመስላል። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት ተቋም በዲሴምበር 2013 ባወጣው ሪፖርት፣ ከመረመራቸው የ2012 በጀት ዓመት ተገላቢጦሽ ጨረታዎች ከሲሶ በላይ በሆኑት ተጫራቾች እየተያዩ ዋጋ የቀነሱበት ፉክክር እንዳልነበረ አረጋገጠ። ስሙ ጨረታ ይባል እንጂ የቀረበውን ዋጋ መቀበል ነበር፤ ጨረታውን ለሚያካሂደው ድርጅት የሚከፈለው የአገልግሎት ክፍያም በዕቃው ዋጋ ውስጥ ተካቶ ይከፈል ነበር።

ስለ ብራዚል ሰፋ አድርጌ ልናገር። የአገራችን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ግዥ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እየገባ ባለበት በዚህ ጊዜ ከማንም ይልቅ የብራዚል ታሪክ ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ፤ ዘዴውን በሙከራ ሳትወሰን የመንግሥት ግዥዋ ዋና መንገድ አድርጋ ረጅም ጊዜ ኖራበታለችና።

በፖርቱጋልኛ ፕሬጋው ይባላል፤ አዋጅ ነጋሪ ከሚጮኸው ጩኸት የመጣ ቃል ነው። በ1997 የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ለአንድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ፤ በሜይ 2000 ወደ መላው ፌዴራል መንግሥት ተስፋፋ፤ በ2002 በሕግ ቁጥር 10.520 ለክልሎችና ለከተሞችም ተዳረሰ። በ2005 የወጣው ድንጋጌ የተለመዱ ዕቃዎችንና አገልግሎቶችን ለሚገዛ ፌዴራል መሥሪያ ቤት ፕሬጋውን ግዴታ አደረገ፤ በተቻለ መጠንም በኢንተርኔት እንዲሆን አዘዘ። ትልቁ ፈጠራ የቅደም ተከተል ለውጥ ነው። ቀድሞ የሁሉም ተጫራቾች ሰነድ ይመረመርና ከዚያ ዋጋ ይከፈታል፤ በፕሬጋው ግን ዋጋ ይቀድማል፣ ሰነዱ የሚመረመረውም የአሸናፊው ብቻ ነው። በዚህ ብዙ ጊዜ ዳነ፤ በማኅተም ጉድለት ተጫራችን የመጣል ዐመልም ቀነሰ።

ያው ፈጠራ ግን ብራዚላውያን ጥንቸል ለሚሉት ተንኮል በር ከፈተ። በስምምነት ከሚሠሩ ሁለት ድርጅቶች አንዱ ገና በጅምሩ ዋጋውን ማንም ሊደርስበት ወደማይችል ጥልቀት ይጥለዋል። ሌሎቹ ተስፋ ቆርጠው መቀነስ ያቆማሉ። ጨረታው ሲዘጋ ጥንቸሉ ሰነድ የለውም፣ ወይም አያቀርብም፤ ይወድቃል። ተራው ከእሱ ቀጥሎ ዝቅ ብሎ ለተቀመጠው ሸሪኩ ይደርሳል፤ ያም የሚያሸንፈው እውነተኛ ፉክክር ቢኖር ኖሮ ከሚወጣው በላይ በሆነ ዋጋ ነው።

ሁለተኛው ችግር የመዝጊያው ሰዓት ነበር። ሁሉም የመጨረሻዋን ሴኮንድ እንዳይጠብቅ ተብሎ፣ አጫራቹ መዝጊያው መቃረቡን ካስታወቀ በኋላ ሥርዓቱ ከ30 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ማንም በማያውቀው ቅጽበት እንዲዘጋ ተደረገ። ሐሳቡ ፍትሐዊ ይመስላል። ነጋዴዎች ግን ሶፍትዌር አሠሩ፦ ተፎካካሪ ዋጋ ባስገባ ቁጥር በዐይን ጥቅሻ ፍጥነት ጥቂት ሳንቲም ቀንሶ የሚያስገባ። መዝጊያው በየትኛውም ቅጽበት ቢመጣ ከፊት የሚገኘው እሱ ነው። በአንድ ጣቱ የሚተይብ የትንሽ ከተማ ነጋዴ ከማሽን ጋር ተሰለፈ። የፌዴራሉ የኦዲት ፍርድ ቤት ይህ የተጫራቾችን እኩልነት እንደሚጥስ ገለጸ፤ በ2011 መጨረሻም አንድ ተጫራች ከራሱ ዋጋ በኋላ 20 ሴኮንድ ሳይሞላ ሌላ እንዳያስገባ ተደነገገ።

ከሁለቱም የሚከብደኝ ሦስተኛው ነው። ጽዳትና ጥበቃ የተለመዱ አገልግሎቶች ተብለው በፕሬጋው ይገዙ ጀመር። የጽዳት ሠራተኛ ጉልበት ወጪው በአብዛኛው ደመወዝ ነው፤ ደመወዙ ደግሞ በሕግ የታችኛው ወለል አለው። ወለሉ ላይ ከተደረሰ በኋላ የሚቀነሰው ከየት ይመጣል? ከዓመት ፈቃድ፣ ከጡረታ መዋጮ፣ ከስንብት ክፍያ። ለመንግሥት ቢሮ ሠራተኛ ያቀረቡ ድርጅቶች ደመወዝ ሳይከፍሉ መጥፋታቸው የብራዚል የሠራተኛ ፍርድ ቤቶች የዘወትር ጉዳይ ሆነ፤ አገልግሎቱን የተቀበለው መሥሪያ ቤት ምን ያህል ተጠያቂ ነው የሚለው ክርክርም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እዚህ ላይ የኒው ኢንግላንዱ መጠጥ ቤት ትዝ ቢላችሁ አልፈርድባችሁም።

የዓለም አቀፍ ሕግ አርቃቂዎች ይህን ሁሉ አላጡትም። የአውሮፓ ኅብረት በ2004 መመሪያው የኤሌክትሮኒክ ጨረታን ሲፈቅድ፣ እንደ ግንባታ ንድፍ ያሉ የአእምሮ ሥራዎችን አስወጥቷል። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን በ2011 ባወጣው የመንግሥት ግዥ ሞዴል ሕግ ዘዴውን በሦስት ቅድመ ሁኔታዎች አሰረው፦ የሚገዛው ነገር በዝርዝር ሊገለጽ የሚችል ይሁን፤ በቂ ተጫራች ያለበት ገበያ ይኑር፤ የማሸነፊያው መስፈርትም በቁጥርና በገንዘብ ሊተመን የሚችል ይሁን። በእኔ ግምት ከሦስቱ ከባዱ የመጀመሪያው ነው። የኮምፒዩተር ሥርዓት በገንዘብ ይገዛል፤ የሚፈልገውን ዕቃ እስከ መጨረሻው መግለጽ የሚችል የግዥ ባለሙያ ግን በአንድ በጀት ዓመት አይገኝም፤ ደመወዙንም ከቁጠባው ላይ ሊቀንሱት የሚፈልጉ ብዙ ናቸው።

ብራዚል ራሷ በሴፕቴምበር 2019 ደንቧን ለወጠች። አዲሱ ድንጋጌ ለመሥሪያ ቤቶች ሁለት አማራጭ ሰጠ። በአንደኛው ጨረታው 10 ደቂቃ ክፍት ይሆናል፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ዋጋ ከገባ ሁለት ደቂቃ ይራዘማል፤ ማንም መቀነስ ሲያቆም ያልቃል። ስለዚህ የማሽኑ ፍጥነት እንደ ቀድሞው አይጠቅመውም። ሁለተኛው ለእኛ ሰም አዋቂዎች ይበልጥ የሚያስደስት ነው። ለ15 ደቂቃ በግልጽ ይፎካከራሉ፤ ከዚያ እስከ 10 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ በማይታወቅ ቅጽበት ይዘጋል፤ በመጨረሻም ዝቅተኛውን ዋጋ የሰጠውና ከእሱ በ10 በመቶ ክልል ውስጥ ያሉት በአምስት ደቂቃ ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ የመጨረሻ ዋጋ ያስገባሉ። ያ ዋጋ ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ ታሽጎ ይቆያል፤ ተፎካካሪም አያየውም።