የሐርጌሳ ሽማግሌዎችና የምርጫ ሣጥኑ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘውና «ሳይንሳዊ ሶሻሊዝም»ን መመሪያው ያደረገው የሶማሊያው የዚያድ ባሬ አገዛዝ በ1988 የዛሬዋን የሶማሌላንድ ዋና ከተማ ሐርጌሳን በቦምብ ያፈራረሰው ከከተማዪቱ ከራሷ አየር ማረፊያ በሚያስነሣቸው የጦር አውሮፕላኖች ነበር፤ ዛሬ በመሀል ከተማ ከመታሰቢያ ሐውልት አናት ላይ የሚታየው ሚግ አውሮፕላን የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ሶማሌላንድ በ1991 ከሶማሊያ ነጻነቷን ካወጀች በኋላ ጎሳዎችን ያስታረቀው ጉርቲ፣ ማለትም የአገር ሽማግሌዎች ሸንጎ፣ በ1993 በቦራማ ጉባኤ የላይኛው ምክር ቤት ሆኖ ከመንግሥት መዋቅር ጋር ተዋሐደ። የመድብለ ፓርቲ ሥርዓት በ2001 በሕዝበ ውሳኔ ከጸደቀ በኋላ በተካሄደው የ2003 የፕሬዚዳንት ምርጫ፣ በምርጫ ኮሚሽኑ ቆጠራ ፕሬዚዳንት ዳሂር ሪያሌ ካሂን ተቀናቃኛቸውን አህመድ ሲላንዮን የበለጡት በ80 ድምፅ ብቻ ሲሆን፣ ተሸናፊው ወገን ጠመንጃ በማንሣት ፋንታ ለፍርድ ቤት አቤት ማለቱ ከውጤቱ ይልቅ የሚደነቅ ነው፤ ሲላንዮም በ2010 አሸንፈው ሥልጣኑን ተረከቡ። የዴሞክራሲው የኋሊት ጉዞ የመጣው ግን፣ ነገሩ ግራ ቢያጋባም፣ ሰላም ካወረደው ከጉርቲ በኩል ነበር፤ አባላቱ በሕዝብ ሳይመረጡ፣ የሟች ወንበርም ለዘመድ እየተላለፈ የቆየው ይህ ሸንጎ የሹማምንትን ዘመን ደጋግሞ በማራዘሙ፣ በ2005 የተመረጠው የተወካዮች ምክር ቤት እስከ 2021 ሲዘልቅ፣ በ2022ም ለፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሂ 2 ዓመት ተጨመረላቸው። የዘገየው ምርጫ በኖቬምበር 2024 ሲደረግ የተቃዋሚው የዋዳኒ ፓርቲ ዕጩ አብዲራህማን ሞሐመድ አብዱላሂ አሸነፉ፣ ቢሂም ሥልጣናቸውን በሰላም አስረከቡ።