ርስትና የአንድ ሰው መብት

በክፍላችን «በነፃ ኅብረተ ሰብ ከአንድ ሰው መብትና ከማኅበር መብት የቱ ይበልጣል?» የሚል ክርክር ተደርጎ ነበር። አንዱ ተከራካሪ በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣውን የሰብአዊ መብቶች መግለጫ 17ኛ አንቀጽ ጠቀሰ፤ አንቀጹ ሰው ሁሉ ለብቻውም ከሌሎችም ጋር ሀብት የመያዝ መብት እንዳለው ስለሚናገር ሁለቱም ወገን አሸነፍን አሉ። ከትምህርት ቤታችን አጥር ወጥቶ የደብረ ታቦርን ዙሪያ እርሻ የተመለከተ ግን አልነበረም። እኔም ያን ቀን ሳልናገረው የቀረሁትን እዚህ እጽፋለሁ።

በበጌምድርም ሆነ ከዓባይ ማዶ በጎጃም የጥንቱ የመሬት ሥርዐት ርስት ነበር። ይኸውም አንድ ሰው መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ከዋናው አባት መወለዱን፥ በአባቱም በእናቱም በኩል፥ ቈጥሮ ድርሻውን የሚጠይቅበት መብት ነው። ትውልዱን መቍጠር የማይችል ከዳኛ ፊት አፍሮ ይመለሳል። መሬቱ የወገን ነው፤ ድርሻው ግን የራሱ ነው። ጉልተኛውም ግብሩን ይቀበላል እንጂ ባለርስቱን በቀላሉ ከቦታው ሊነቅለው አይችልም ነበር። በደቡቡ አገር ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ሆኖ ሲኖር የእኛን አገር ገበሬ ያቆመው ይህ ነው፤ ስለዚህ የወገን መብት ለአንዱ ሰው ጋሻ ነበረ ቢባል ሐሰት አይደለም።

ሕዝቡ ይህን ጋሻ ምን ያህል ይሳሳለት እንደ ነበር የ1960 ዓ.ም. የጎጃም ዐመፅ ያሳያል። መንግሥት በእርሻ ገቢ ላይ አዲስ ግብር ባወጀ ጊዜ ገበሬው «መሬት ከተለካ ርስት ቀረ» ብሎ ጠረጠረና ተነሣ፤ መንግሥትም ወደ ኋላ ለማለት ተገደደ።

ነገር ግን ጋሻ የሚሸፍነው ከበስተኋላው የቆመውን ብቻ ነው። ዋና አባት የሌለውስ? ቤተ እስራኤሎች በ15ኛው መቶ ዓመት፥ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፥ አንጠመቅም በማለታቸው ርስታቸውን እንደ ተነጠቁ ይተረካል፤ ከዚያም ወዲህ ብዙዎቹ ብረት እየቀጠቀጡና ሸክላ እየሠሩ በሰው መሬት ኖሩ። የእኔም ቅድመ አያት ሸማኔ ነበረ። ከአንድ ባለርስት መሬት ለምኖ እያረሰ ከምርቱ ያካፍል ነበር። ባለርስቱ ደግ ሰው ነበረ ይባላል፤ ደግነት ግን መብት አይደለም፤ ልጁ ደግ ባይሆንስ?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ በገዛ እጁ ሊያርስ ለሚፈቅድ ሁሉ፥ ወንድና ሴት ሳይለይ፥ መሬት እንዲሰጥ አዘዘ። አያቴ የማን ዘር ነህ ሳይባል 7 ጥማድ አገኘ። ፊደል የቈጠረ ስለ ነበረም የገበሬ ማኅበሩ ጸሓፊ አደረጉት።

ይህ ጸሓፊነት በኋላ ዋጋ አስከፈለው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል በደርግ ዘመን የማኅበር ሹመት የነበራቸው ገበሬዎች «ቢሮክራሲ» ተባሉ፤ ለሌላው እስከ 3 ሄክታር ሲፈቀድ ለእነርሱ የተፈቀደው 1 ሄክታር፥ ማለት 4 ጥማድ፥ ነበር። አያቴም በዚህ ስም ተመዘገበ። እርሱ ራሱ በግሉ ምን በደለ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በአባቱ ሙያ ምክንያት የተከለከለውን ያህል በወንበሩ ምክንያት ተወሰደበት። ይሁንና እውነቱን ለመናገር ከመሬቱ ተቈርሶ የደረሳት ጎረቤታችን ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ከዚያ በፊት ከጎጆዋ በቀር ምንም አልነበራትም። አያቴ ስለ ድልድሉ ሲናገር ይመረዋል፤ ስለ እርሷ ግን ክፉ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ መሸጡን ከልክሏል፤ ገበሬውም ከይዞታው እንዳይነቀል ደንግጓል። ከዚያም ወዲህ መሬት ሲመዘገብ ለየቤቱ የይዞታ ደብተር ተሰጥቷል። የእኛው በሴት አያቴ ሣጥን ውስጥ፥ በነጠላ ተጠቅልሎ ይገኛል። የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ተጽፎበታል፤ የዋና አባት ስም የሚሞላበት መስመር ግን የለበትም።